ኤተሩ ሄደ፣ ቀመሩ ቀረ

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በወጣቶች ፕሮግራም ላይ «እምነትና ሳይንስ» በሚል ርዕስ እንዳስተምር ተጋብዤ ነበር። ርዕሱ ሰፊ ነው፤ የተሰጠኝ ደግሞ አርባ ደቂቃ። እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ የቆመን ሰው ሁሉ የሚፈትነው ነገር እኔንም ፈተነኝ፤ ጭብጨባ የምታመጣ ዓረፍተ ነገር ፈለግኩ፤ አገኘኋትም። «ሳይንቲስቶች ትናንት ያሉትን ዛሬ ይጥሉታል፤ ዛሬ የሚሉትንም ነገ ይጥሉታል» አልኩ። ተጨበጨበ። ከኋላ «አሜን!» ያለም ነበር።

ፕሮግራሙ አልቆ ወንበር ስናነሣሣ አንዲት የሁለተኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪ ቀረበችኝ። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አለችኝ። «በዚህ ሳምንት የተማርነው ቀመር ሁለት መቶ ዓመት የሆነው ነው። ያገኘው ሰው፣ ብርሃን የሚጓዘው ኤተር በሚባል ነገር ውስጥ ነው ብሎ ያምን ነበር። መምህራችን ኤተር የሚባል ነገር እንደሌለ ነግሮናል። ቀመሩ ግን ፈተና ላይ ይመጣል ብሎናል። የተጣለ ነገር ከሆነ ለምን ይሠራል?»

«በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው» አልኳት። አስተማሪ እንዲህ ሲል መልስ እንደሌለው ታውቃላችሁ።

እንግዲህ ይህ ጽሑፍ የዚያ ቅዳሜ ዕዳዬ ነው። ዕዳው ለእሷ ብቻ አይደለም፤ ያጨበጨባችሁም አላችሁበት። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ስለ ፋሲካ ከምናገርበት ቦታ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ቀመሩ ስለ ምን እንደሚናገር እንይ። ነገሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ማታ መብራቱ በበራ ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ጥግ ተቀምጣችሁ ስትሄዱ መስኮቱ ላይ የራሳችሁን ፊት ታያላችሁ። ቀን ላይ በዚያው መስኮት የምታዩት መንገዱን ነው። መስታወቱ አልተለወጠም። ብርሃን መስታወት ላይ ፊት ለፊት ሲያርፍ አብዛኛው ያልፋል፣ ጥቂቱ ይመለሳል። ተራ መስታወት ከሆነ በእያንዳንዱ ገጹ ከመቶ 4 ያህሉ ይመለሳል፤ መስኮት ሁለት ገጽ ስላለው በድምሩ ወደ 8 ይጠጋል። ይህች 8 ቀንም ማታም አለች። ቀን ከውጭ የሚገባው ብርሃን ይውጣታል፤ ውጭው ሲጨልም ግን ፊታችሁን ለማሳየት ትበቃለች።

ብርሃኑ ተጋድሞ ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ይለወጣል። ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ቆማችሁ እግራችሁ ሥር ያለውን ውሃ ብትመለከቱ ከሥሩ ያለው ጠጠር ይታያችኋል። ራቅ ያለው ውሃ ግን ሰማዩን የሚያሳይ መስተዋት ሆኗል። ውሃው አንድ ነው፤ የተለየው የምታዩበት ማዕዘን ነው። በየትኛው ማዕዘን ምን ያህሉ ብርሃን እንደሚመለስ፣ ምን ያህሉ እንደሚያልፍ የሚናገረው ቀመር፣ ያች ልጅ የጠየቀችኝ ቀመር ነው። ባለቤቱ ኦጉስታን ዣን ፍሬኔል ይባላል።

ፍሬኔል በ1788 በፈረንሳይ ኖርማንዲ የተወለደ የመንገድና የድልድይ መሐንዲስ ነው። በ1815 ናፖሊዮን ከግዞት ተመልሶ ሥልጣን ሲይዝ በተቃዋሚነት ስለ ተሰለፈ ሥራውን አጣና እናቱ ቤት ተቀመጠ። ሥራ የፈታ መሐንዲስ ምን ይሠራል? ይህኛው ብርሃንን መመርመር ያዘ። የመንደሩ ቁልፍ ሠሪ መለኪያ ሠራለት፤ የሚያስፈልገው ዓይነት ሌንስ ስላልነበረው የማር ጠብታን እንደ ሌንስ ተጠቀመ። በቁልፍ ሠሪ መለኪያና በማር ጠብታ የዘመኑን ታላላቅ ሊቃውንት ሊሞግት ተነሣ።

ታላላቆቹ፣ ብርሃን በቀጥታ የሚወረወሩ ጥቃቅን ቅንጣቶች ነው ይሉ ነበር። ፍሬኔል ሞገድ ነው አለ። የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ብርሃን የነገሮችን ጠርዝ አልፎ እንዴት እንደሚታጠፍ ላስረዳ ሰው ሽልማት አዘጋጅቶ ስለነበር፣ በ1818 ሐሳቡን ከነሒሳቡ አስገባ። ከዳኞቹ አንዱ ሲሜዮን ፖዋሶን ነበር፤ የቅንጣት ወገን፣ በሒሳብ ደግሞ አቻ የሌለው። ፖዋሶን የፍሬኔልን ስሌት ወሰደና ፍሬኔል ራሱ ወዳልደረሰበት ቦታ ገፋው። «ይህ ስሌት እውነት ከሆነ፣ ክብ ነገር በብርሃን ፊት ሲቀመጥ በጥላው መካከል ላይ ብሩህ ነጥብ መታየት አለበት» የሚል ውጤት ወጣ። ጨለማ መሆን ባለበት በጥላው እምብርት ላይ ብርሃን! ፖዋሶን ይህን ያወጣው ስሌቱ ከንቱ እንደሆነ ለማሳየት ነው። ሌላው ዳኛ ፍራንሷ አራጎ ግን ትንሽ ክብ ብረት አዘጋጅቶ ሞከረው። ነጥቡ እዚያው ነበር። በ1819 ሽልማቱ ለፍሬኔል ተሰጠ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆዩ። ነጥቡን ያገኘው ማነው? ፍሬኔል አላሰበውም። ፖዋሶን አላመነበትም። አራጎ ያየው ፈልግ ስለ ተባለ ነው። ከሦስቱም በፊት ነጥቡ በወረቀቱ ላይ፣ በምልክቶቹ መካከል ነበር። የሒሳብ መዋቅር የምንለው እንዲህ ያለ ነገር ነው፤ በመጠኖች መካከል ያለ የግንኙነት ሥርዓት፣ «ይህ እንዲህ ከሆነ ያኛው እንዲያ መሆን አለበት» የሚል ማሰሪያ። አንዴ ከጻፋችሁት በኋላ የእናንተ ታዛዥ አይደለም። ያልፈለጋችሁትን ይናገራል፤ ለተቃዋሚያችሁም ይናገራል። የፊዚክስ ሰዎች ሒሳብን የሚወዱት ነገርን ስለሚያሳጥር ብቻ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ሰውየው ከሚያውቀው በላይ ስለሚይዝ ነው።

በ1823 ፍሬኔል የነጸብራቁን ቀመር አቀረበ። የተነሣው ከኤተር ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ እንደሚጓዝ ሁሉ ብርሃንም የሚንቀጠቀጥበት አንድ ረቂቅ ነገር ሕዋውን ሞልቷል፤ ይህ ነገር በመስታወት ውስጥ እፍጋቱ ይጨምራል፤ ብርሃን ከአየር ወደ መስታወት ሲገባ የኤተሩ መንቀጥቀጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ጉልበቱም አይጠፋም። ከዚህ ሥዕል ተነሥቶ አስልቶ ከቀመሩ ደረሰ። ችግሩ ኤተሩ በጣም እንግዳ ፍጥረት መሆኑ ነበር። የብርሃንን ዓይነት ሞገድ ለመሸከም እንደ ጠጣር ነገር ግትር መሆን አለበት፤ ምድርና ሌሎቹ ፕላኔቶች ግን ምንም እንደሌለ ሁሉ በውስጡ ያልፋሉ። ፍሬኔል ይህን እንቆቅልሽ ሳይፈታ በሳንባ ነቀርሳ በ39 ዓመቱ ሞተ።

ከዚያ በኋላ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል መጣ። እስኮትላንዳዊ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌም የነበረ ሰው ነው። በመጀመሪያ የኤሌክትሪክንና የማግኔትን ነገር ለማስረዳት በሕዋው ውስጥ የሚሽከረከሩ አዙሪቶችንና በመካከላቸው ያሉ ትንንሽ ኳሶችን አሰበ፤ ፋብሪካ የሚመስል ሥዕል። በ1865 ባወጣው ጽሑፍ ግን ያን ፋብሪካ ወደ ጎን ትቶ እኩልታዎቹን አስቀረ። ከእኩልታዎቹ የኤሌክትሪክና የማግኔት ሞገድ መኖር እንዳለበት ወጣ፤ ፍጥነቱም በጠረጴዛ ላይ ከተደረጉ የኤሌክትሪክ ልኬቶች ሲሰላ በሰከንድ 310,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆነ። በዚያን ጊዜ በእጁ የነበረው የብርሃን ፍጥነት ልኬት ወደ 315,000 ይጠጋል። (ዛሬ 299,792 እንላለን።) ሁለቱ እንዲህ መቀራረባቸው በአጋጣሚ ነው ማለት ከባድ ነበር። ብርሃን የኤሌክትሪክና የማግኔት ሞገድ ነው።

አሁን የልጅቱ ጥያቄ ሊመለስ ነው። ሄንድሪክ ሎሬንትዝ የሚባል የኔዘርላንድስ ወጣት በ1875 የዶክትሬት ጽሑፉን ሲያቀርብ ዕድሜው 22 ነበር። የማክስዌልን እኩልታዎች ወስዶ ብርሃን መስታወት ሲነካ ምን እንደሚሆን አሰላ። የፍሬኔል ቀመር ወጣ። የሚመስለው አይደለም፤ ራሱ። ፍሬኔል «የኤተር መንቀጥቀጥ» ያለበት ቦታ ላይ አሁን «የኤሌክትሪክ መስክ» ተብሎ ይነበባል እንጂ በመጠኖቹ መካከል ያለው ግንኙነት ያው ነው። በ1887 ማይክልሰንና ሞርሊ በአሜሪካ ክሊቭላንድ ምድር በኤተሩ ውስጥ ስታልፍ ሊታይ የሚገባውን ልዩነት ፈልገው አጡ። በ1905 የ26 ዓመቱ አንስታይን ኤተር እንደማያስፈልግ ጻፈ። ኤተሩ ሄደ። ሎሬንትዝ ራሱ፣ ይገርማችኋል፣ ኤተርን እስከ መጨረሻ ሊተወው አልፈለገም። ቀመሩ ግን ሳይነካ አለፈ፤ ዛሬ የካሜራ ሌንስ የሚቀባ ፋብሪካም የሚያሰላው በእሱ ነው።

ስለዚህ እኔ የዚያን ዕለት ያልኩት ምኑ ላይ ነው የተሳሳተው? ፈላስፎች ይህን ክርክር ሲከራከሩበት ኖረዋል። አንደኛው ወገን፣ ሳይንስ እንዲህ ትክክል የሚተነብየው ስለ ዓለም የሚናገረው እውነት ስለሆነ ነው፤ ያለበለዚያ ተአምር ይሆን ነበር ይላል። ሌላው ወገን የመቃብሩን ስፍራ ያሳያል፤ ኤተር እዚያ ተቀብሯል፣ ሌሎችም በጊዜያቸው እርግጥ የተባሉ ነገሮች ተቀብረዋል፤ ስለዚህ የዛሬዎቹም ተራ ይጠብቃቸዋል። የእኔ ጭብጨባ ያስገኘች ዓረፍተ ነገር የዚህኛው ወገን ርካሽ ቅጂ ነበረች።

ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ አንሪ ፖዋንካሬ በ1902 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ የፍሬኔልን ጉዳይ አንሥቶ ሦስተኛ መንገድ አሳየ፤ በ1989 ደግሞ እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ዎራል ሐሳቡን እንደገና አነሣው። በእኔ አነጋገር ላስቀምጠው፤ ንድፈ ሐሳብ ሁለት ነገር ይነግረናል። አንዱ ነገሩ ምን እንደሆነ፣ ሌላው ነገሮቹ እርስ በርስ እንዴት እንደሚገናኙ። የሚሞተው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው ከሞት ይተርፋል።

ይህ ባዶ ቃል እንዳይመስላችሁ አንድ የቤታችንን ነገር ላምጣ። የማታውቁት ክፍል የተማሪዎች ስም ዝርዝር ቢሰጣችሁ የአንዱንም መልክ አታውቁም። ሁለት ልጆች የአባትም የአያትም ስማቸው አንድ ከሆነ ግን ወንድማማች ሊሆኑ እንደሚችሉ ትገምታላችሁ። የአንዱ የአያት ስም የሌላው የአባት ስም ከሆነ ደግሞ አጎትና የወንድም ልጅ ይሆኑ ይሆናል ትላላችሁ። አንዱንም ፊት ሳታዩ ዝምድናውን አነበባችሁ። ፊዚክስ ስለ ብርሃን ያለው እውቀት እንዲህ ያለ ነው ነው የሚሉት፤ ፊቱን አላየንም፤ ዝምድናውን ግን እናውቃለን።

ይህ ሐሳብ ሲበዛ ደግሞ ይበላሻል። አንዳንዶች «መዋቅሩን ብቻ ነው የምናውቀው፤ ሌላ ምንም አናውቅም» እስከ ማለት ይደርሳሉ። ማክስ ኒውማን የተባለ እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ በ1928 ይህን አነጋገር ክፉኛ መታው። እንዲህ አስቡት፤ «በዚህ አዳራሽ ካሉት ሃያ ሰዎች መካከል እያንዳንዱን ከሁለት ሌሎች ጋር የሚያያይዝ፣ ሁሉንም በአንድ ቀለበት የሚያስር አንድ ግንኙነት አለ» ብላችሁ ምን ነገራችሁኝ? ምንም። የትኛውንም ሃያ ሰው አምጡልኝ፣ እንደዚያ ያለ ቀለበት በወረቀት ላይ እሠራላችኋለሁ። ነገሩ እውቀት የሚሆነው ግንኙነቱ የቱ እንደሆነ ስትነግሩኝ ነው፤ እጅ ለእጅ የተያያዙ ናቸው፣ ወይም ተራ በተራ ይደዋወላሉ። የፍሬኔል ቀመርም በአየር ላይ የተንጠለጠለ ቅርጽ አይደለም። አንዱ ጫፉ ልንለካው በምንችለው ማዕዘን ላይ፣ ሌላው ጫፉ ልንለካው በምንችለው የብርሃን መጠን ላይ ታስሯል። መዋቅሩ ከልኬቱ ሲፈታ ጌጥ ይሆናል።

ፋሲካ መቼ እንደሆነ የሚነገረን ባሕረ ሐሳብም እንዲሁ ነው። የእኛም አጥቢያዎች ፋሲካን የሚያከብሩት በዚሁ ስሌት ነው፤ ስንቶቻችን እንዴት እንደሚሰላ እናውቃለን? 5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱን ትደምራላችሁ፤ ለ19 ታካፍሉና ከቀሪው 1 ስትቀንሱ ወንበር ይሆናል። ወንበሩን በ11 አባዝታችሁ በ30 ስትገድፉት አበቅቴ፣ በ19 አባዝታችሁ በ30 ስትገድፉት መጥቅዕ ይወጣል። ለ2018 ዓ.ም. ወንበሩ 12፣ አበቅቴው 12፣ መጥቅዑ 18 ነው፤ አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 ናቸው። ከዚህ ሁሉ ሥር ያለው ማሰሪያ አንድ ነው፤ 19 ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር ጋር ይገጥማል። ይህን ያበጁት ሰዎች ስለ ጨረቃ የነበራቸው ሥዕል እኛ ትምህርት ቤት ከተማርነው ጋር አንድ አይደለም። ማሰሪያው ግን በእነሱም በእኛም እጅ ይሠራል። ፍጹም እንዳይመስላችሁ ደግሞ፣ በየ19 ዓመቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይዛነፋል፤ በ300 ዓመት አንድ ቀን ያህል ይሆናል። ዛሬ የስሌቷ ጨረቃና የሰማይዋ ጨረቃ በጥቂት ቀናት ተለያይተዋል። ይህን የሚነግረን ስሌቱ አይደለም፤ ቀና ብሎ ማየት ነው።

ቀና ብሎ ማየት ከነበረባቸው ሰዎች መካከል ዮሐንስ ኬፕለርን የሚያህል አላውቅም። ኬፕለር የሉተራን አገልጋይ ሊሆን ሥነ መለኮት የተማረ ጀርመናዊ ነው። በ23 ዓመቱ ሒሳብ እያስተማረ ሳለ አንድ ሐሳብ መጣለት፤ መጽሐፉ በ1596 ታተመ። በዚያን ጊዜ የሚታወቁት ፕላኔቶች ስድስት ነበሩ። ለምን ስድስት? ከጥንት ጀምሮ ደግሞ የታወቀ ነገር አለ፤ ገጾቻቸው ሁሉ እኩልና አንድ ዓይነት የሆኑ ጠጣር ቅርጾች፣ እንደ ዛራ ያሉ፣ አምስት ብቻ ናቸው፤ ስድስተኛ ሊኖር እንደማይችል ኤውክሊድ አረጋግጧል። ኬፕለር አምስቱን ቅርጾች አንዱን በአንዱ ውስጥ አስገብቶ በመካከላቸው፣ ከውስጥና ከውጭ ስድስት ቦታዎች አገኘ፤ ስድስቱን ፕላኔቶችም በዚያ አስቀመጠ። ርቀቶቹ እንኳ በግምት ገጠሙለት። የፈጣሪን ንድፍ ያየ መሰለው። ደስታው ቀላል አልነበረም።

ስለ ሒሳብ ውበት ለሚሰብኩ ሁሉ ይህን ታሪክ መንገር እወዳለሁ፤ ምክንያቱም ስህተት ነበር። በ1781 ሰባተኛ ፕላኔት፣ በ1846 ስምንተኛ ተገኘ፤ ቅርጾቹ ግን አሁንም አምስት ናቸው። ያ ውብ መዋቅር፣ በጸሎት የተቀበለው፣ ከሰማይ ጋር ምንም ዝምድና አልነበረውም።

ኬፕለር ከዚህ ስህተት ጋር ሞቶ ቢሆን ኖሮ ስሙን አናውቀውም ነበር። ነገር ግን ታይኮ ብራሄ ለብዙ ዓመታት በዓይኑ የለካቸው የማርስ ቦታዎች እጁ ገቡ። ማርስ በክብ መንገድ ትሄዳለች ብሎ፣ ዘመኑ ሁሉ እንደሚያምነው፣ ለዓመታት አሰላ። በመጨረሻ አንድ ክብ ላይ የተመሠረተ ስሌት ከልኬቱ ጋር እስከ 8 ደቂቃ ልዩነት ድረስ ገጠመለት። ይህ ደቂቃ የማዕዘን ነው፤ የአንድ ዲግሪ ስልሳኛ። ሙሉ ጨረቃ በሰማይ ላይ የምትይዘው ስፋት 30 ደቂቃ ያህል ስለሆነ፣ 8 ማለት የጨረቃ ሩብ ግድም ነው። ማን ያስተውለዋል? እኔ ብሆን «ይበቃል» ብዬ እዘጋው ነበር። ኬፕለር ታይኮ እንደዚያ ያህል አይሳሳትም ብሎ የዓመታት ሥራውን ጣለና እንደገና ጀመረ። በ1609 የማርስ መንገድ ሞላላ መሆኑን አሳተመ። ክቡ ቀረ።

ሰው ግን ሰው ነው፤ በ1621 ያንኑ የአምስቱን ቅርጾች መጽሐፍ ማብራሪያ ጨምሮ በድጋሚ አሳተመው። የመጀመሪያ ፍቅሩን አልተወም። እኔ ይህን ስሰማ ይበልጥ ወደድኩት። 8 ደቂቃን ያከበረና የወጣትነት ሕልሙን ያልጣለ አንድ ሰው ናቸው።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ። እምነትና ሳይንስን በተመለከተ በመድረኮቻችን ላይ የምንሰማቸው ሁለት ንግግሮች አሉ፤ ሁለቱንም ተናግሬአቸዋለሁ። አንዱ ያ የቅዳሜው ነው፤ «ሁልጊዜ ይለዋወጣሉ፤ አትስሟቸው»። ይህ እውነቱን ስለማይናገር መተው አለበት። ሌላ ምክንያት አያስፈልገኝም። ስለ ጎረቤታችን ያልሆነ ነገር ብንናገር ኃጢአት ነው የምንለውን ስለ ፊዚክስ መምህራን ስንናገር ለምን ቀላል ይሆናል? ትክክለኛው አነጋገር ረዘም ይላል፤ ጭብጨባም አያመጣም። ሥዕሎቹ ይለወጣሉ፤ ከግንኙነቶቹ ብዙው ይቀራል፤ አንዳንዱም በጠባብ ወሰን ውስጥ ይቀራል። የኒውተን የስበት ሕግ ለምሳሌ እንደ ፍሬኔል ቀመር ንጹሕ ሆኖ አላለፈም። የሜርኩሪ መንገድ በመቶ ዓመት 43 ሰከንድ፣ እሱም የማዕዘን ሰከንድ፣ ከኒውተን ስሌት ያፈነግጥ ነበር፤ በ1915 አንስታይን ይህን በሌላ መዋቅር አስረዳ። ድልድይ ለሚሠራ ሰው ግን ኒውተን ዛሬም ይበቃዋል።

ሁለተኛው ንግግር ከበድ ይላል፤ ምክንያቱም እኔም ግማሹን አምነዋለሁ። ዩጂን ዊግነር የተባለ፣ በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘ የፊዚክስ ሊቅ በ1960 ባወጣው ጽሑፍ፣ ሰዎች በወረቀት ላይ የሠሩት ሒሳብ ዓለምን እንዲህ መግለጡን ከተአምር ጋር አነጻጽሮታል። ይህን የሰማ ሰባኪ ወዲያው «አያችሁ፣ አለቀ!» ይላል። እኔ ዓለም ሥርዓት ያላት ሥርዓት ያለው ፈጣሪ ስለ ሠራት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሒሳብ መግጠሙም አያስደነግጠኝም፣ ያስደስተኛል እንጂ። ነገር ግን ይህን የማያምን ጓደኛችሁም ሊመልስላችሁ የሚችለው ነገር አለ፤ የሚገጥመውን ሒሳብ እየመረጥን ነው የምንጠቀመው፤ ከምንም ነገር ጋር ሳይገናኝ በመደርደሪያ ላይ የተቀመጠው ሒሳብ ብዙ ነው፤ ደግሞም ሒሳብ የተጀመረው በዚሁ ዓለም ውስጥ ከብት በመቁጠርና መሬት በመለካት ስለሆነ መግጠሙ ያን ያህል አይገርምም። ይህ የሞኝ መልስ አይደለም። እኔ በእሱ አልረካም፤ ፖዋሶን ያወጣው ነጥብ ከከብት ቆጠራ በጣም ሩቅ ነውና። ሆኖም ያልረካሁበትን ምክንያት ለጓደኛዬ በትዕግሥት ማስረዳት አለብኝ እንጂ «አለቀ» ብዬ መድረኩን ልለቅ አልችልም። የኬፕለር አምስቱ ቅርጾችም በዘመናቸው «አለቀ» ተብሎባቸው ነበር።

ባለፈው ወር እዚያው ኅብረት ተጋብዤ ሄጄ ነበር። በመጀመሪያው አሥር ደቂቃ ያለፈውን ዓመት ዓረፍተ ነገሬን መለስኩ፤ ስለ ሚኒባሱ መስኮት፣ ስለ ማሩ ጠብታና ስለ ሎሬንትዝ ነገርኳቸው። አልተጨበጨበም። ጥቂቶች ግን ማስታወሻ ደብተራቸውን አውጥተው 4 በመቶ የሚለውን ጻፉ።

ልጅቱ አሁን ሦስተኛ ዓመት ናት። ወንበር ስናነሣሣ እንደገና መጣች። «ጋሼ፣ ገብቶኛል» አለች። «ግን ይሄን ሁሉ የሚነግሩን ኤተሩ ከሄደ በኋላ ስለሆነ ነው። ፍሬኔል ራሱ የትኛው እንደሚቀር አያውቅም ነበር፤ ለእሱ ኤተሩም ቀመሩም አንድ ነገር ነበሩ። ታዲያ ዛሬ ከምንማረው ውስጥ ኤተሩ የትኛው ነው?»

በዚህ ጊዜ ጥሩ ጥያቄ ነው አላልኳትም። ፖዋንካሬም ሆነ ዎራል የሚቸገሩበት ቦታ ይሄው ነው አልኳትና ወንበሮቹን ደርድረን እንደ ጨረስን ሁለቱ ላይ ተቀመጥን። የእኔ ግምት ከእሷ ግምት ጋር አልገጠመም፤ ዘበኛው መብራት ሊያጠፋ እስኪመጣ ድረስ ተከራከርን።